ብስክሌቱ ይገባል፣ ሽብልቁ አይገባም

ስለ ብስክሌት ንግድ ሲነሳ በጎንደር ገበያ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ብስክሌት የባሕር ዳር ነው» የሚል ነው። ባሕር ዳር ሜዳ፣ ጎንደር ዳገት፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ከአዘዞ ተነስቶ ፒያሳ ለመድረስ አንድ ባለብስክሌት በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 200 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ወደ ደባርቅ የሚያቀና ከሆነ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከ2,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው መውጣትና መውረድ ሳይቆጠር ነው።

ሌላው ግማሽ እውነት ግን ሲነገር አይሰማም። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ የሚዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ለብስክሌት ከባሕር ዳር የሚያንስ አይደለም። ቤንዚን በሐምሌ 2014 ዓ.ም በሊትር ከ50 ብር በታች ነበር፤ በጥር 2017 ዓ.ም ከ100 ብር አለፈ። ይህ የባጃጅን ታሪፍ ወዴት እንደሚገፋው ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ተማሪው፣ ዘበኛው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ አትክልት ሻጩ ሁሉ ነዳጅ የማይጠጣ ነገር ይፈልጋል። ስለሆነም በጎንደርና በአካባቢዋ ብስክሌት አይሸጥም የሚለው አባባል መታረም አለበት። ብስክሌት ይሸጣል። የሚቆመው ከተሸጠ በኋላ ነው። የሚያቆመውም ዳገቱ ራሱ ሳይሆን ዳገቱ የሚበላው አንድ አነስተኛ ዕቃ ከገበያ መጥፋቱ ነው።

ዕቃው ያለው በሁለቱ ፔዳሎች መካከል፣ በቴላዮው ግርጌ በምትገኘው አጭር ቱቦ ውስጥ ነው። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኝ መሃል ዘንግ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ብዮች፣ ብዮቹ የሚቀመጡባቸው ሁለት ኩባያዎችና ክንዶቹን ከዘንጉ ጋር የሚቆልፉ ሁለት ሽብልቆች፤ ጠቅላላው ይኸው ነው። ሽብልቁ ከትንሽ ጣት የማይወፍር፣ አንድ ጎኑ በሰያፍ የተጠረበ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ የሚታሰርበት ብረት ነው። በተለመዱት የቻይናና የህንድ ከባድ ብስክሌቶች ላይ የሰውየው ጉልበት ሁሉ የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ ነገሩ ያስደንቃል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዳገት ላይ ከመቀመጫው ተነስቶ በግራ እግሩ ሙሉ ክብደቱን አሳረፈ እንበል። የክንዱ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የዘንጉ ውፍረት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ በዘንጉ ጠርዝ ላይ ጉልበቱ ከ20 ጊዜ በላይ ተባዝቶ ከ1,300 ኪሎ ያልፋል። ይህን የሚሸከመው ያ የትንሽ ጣት ብረት ነው። ከዚህም ሌላ፣ የቀኝ እግር ጉልበት በቀጥታ ወደ ጥርሳሙ ክብ ሲሄድ የግራው ግን ዘንጉን ተሻግሮ በሁለቱም ሽብልቆች ማለፍ አለበት። የባሕር ዳር ባለብስክሌት እንዲህ ያለ ጫና የሚያደርሰው ከቆመበት ሲነሳ ብቻ ነው፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ግን በእያንዳንዱ ዙር ያደርሰዋል። እንግዲህ በዳገት አገር ሽብልቅ ቶሎ ቢያልቅ ምን ያስገርማል?

ሽብልቁ ሲላላ ክንዱ በየዙሩ «ቋ» ይላል። ባለቤቱ ለጥቂት ቀናት ችላ ይለዋል፤ ከዚያ የዘንጉ ማረፊያ ይበላል፤ በመጨረሻም ክንዱ በራሱ ይሽከረከራል። ቀደም ሲል የአንድ ሽብልቅ ጉዳይ የነበረው አሁን የዘንግና የክንድ ጉዳይ ይሆናል። ዕቃው አካባቢው ከሌለ ብስክሌቱ ከጣራ ጠርዝ ሥር ይደገፋል። ሁለት ጎማው ደህና፣ ፍሬኑ ደህና፣ ሰንሰለቱ ደህና፤ ነገር ግን አይሄድም። በየግቢው እንዲህ ቆሞ የሚዝገው ብስክሌት የቤተሰብ ገንዘብ ነው። ለሚቀጥለው ገዢም መጥፎ ምስክር ነው። ጎረቤቱ የቆመውን እያየ «ብስክሌት እዚህ አይበረክትም» ይላል። አስመጪው ያጣው አንድ ሽብልቅ የመሸጥ ዕድል ብቻ ሳይሆን ሌላ ብስክሌት የሚገዛ ደንበኛም ነው።

ታዲያ ዕቃው ለምን አይገባም? ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሙሉ ብስክሌት ለማስመጣት አንድ ፕሮፎርማ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ዓይነት ካርቶን ይበቃል። መለዋወጫ ግን ልክ፣ ዓይነትና ጥራት አለው፤ ሙያ ይጠይቃል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ መደብ ሙሉ ብስክሌት በ8712 ሥር ሲመደብ መለዋወጫው በ8714 ሥር ይገባል፤ ፔዳልና የፔዳል ክንዶች ከነክፍሎቻቸው 8714.96 የሚል የራሳቸው ቁጥር አላቸው። የብረት ብዮች ደግሞ ከኩሽኔታ ጋር በ8482 ይመደባሉ። ወረቀቱ ይበዛል፤ የአንዱ ዕቃ ዋጋ ያንሳል። ነጋዴው ስለዚህ ያልፈዋል።

ይህ ስሌት ቀድሞ ሊያስኬድ ይችል ነበር። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን አያስኬድም። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ አዲስ ብስክሌት ገዝቶ አሮጌውን መጣል የብዙ ሰው አቅም መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያዋጣው ንግድ ጥገና ነው። ሙሉ ብስክሌት ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ለመጓጓዣም ብዙ ያስከፍላል። አንድ ካርቶን ሽብልቅ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ይወሰዳል። መንገድ በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ገበያው በሚናጥበት አካባቢ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንሻገር። ዕቃው ቢገባ ማን ይገጥመዋል? ለዚህ ጋራዥ አያስፈልግም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን የሚያስረዳ ሻጭ ብዙ ይሸጣል። ስለዚህ ነጋዴውም ሆነ ደላላው የሥራውን ሂደት ቢያውቅ አይጎዳም።

መጀመሪያ ምርመራው ነው። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጎን መወዝወዝ በቂ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ የሚነቃነቁ ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው፤ ብዮቹ አልቀዋል ወይም ኩባያው ላልቷል። አንዱ ብቻ ከተነቃነቀ ሽብልቁ ነው። ክንዶቹን አግድም አድርጎ በሁለቱ ፔዳሎች ላይ በእግር መጫን፣ ከዚያ ግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና መጫንም ይህንኑ ያሳያል። ቀጥሎ ሰንሰለቱን አውልቆ ክንዶቹን በእጅ ማዞር ነው፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ብዮቹ ወይም ኩባያዎቹ ተበልተዋል። ድምፁ የመጣው ከፔዳሉ ወይም ከመቀመጫው ብረት ሆኖ ሳለ መሃል ዘንግ የተፈታበት አጋጣሚም አይታጣም። በመሆኑም ርካሹን አስቀድሞ መመልከት ብልህነት ነው፤ ፔዳሉን አጥብቆ፣ የመቀመጫውን ብረት አውጥቶ ግራሶ መቀባት ምንም አያስወጣም።

ጥፋቱ የሚጀምረው በማርቴሎ ነው። ሽብልቁን ለማውጣት ዳዶው ተፈትቶ ሽብልቁ ይመታል፤ ይህ ትክክል ነው። ስህተቱ ክንዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ መምታት ነው። ያን ጊዜ ምቱ በዘንጉ በኩል አልፎ ብዮቹ ላይ ያርፋል፤ ብዮቹም ኩባያውን ይወጉታል። ሽብልቁ ቢወጣ እንኳ ደህና የነበረው ኩሽኔታ ተበላሽቶ ይቀራል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው። መፍትሔው አንድ ቁራጭ የብረት ቱቦ ነው። ቱቦው መሬት ላይ ቆሞ ክንዱን ከሥር ይደግፋል፤ የሽብልቁ ወፍራም ጫፍ ወደ ቱቦው ቀዳዳ ይወርዳል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ መውለቅ የለበትም፤ ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ ተፈትቶ ጥርሱን ይጠብቃል። ከዚያ በከባድ ማርቴሎ አንድ ጊዜ በደንብ መምታት ከሃያ ቀላል ምት ይበልጣል። የዛገ ከሆነ ማታ ናፍጣ ጠጥቶ ቢያድር ጠዋት ይለሰልሳል።

አዲሱ ሲገባ ሁለቱ ሽብልቆች በተቃራኒ አቅጣጫ መግባት አለባቸው፤ አንዱ ዳዶውን ወደ ላይ ካደረገ ሌላው በዚያው ቅጽበት ወደ ታች ያደርጋል። ይህ ካልተጠበቀ ሁለቱ ክንዶች ቀጥ ያለ መስመር አይሠሩም፤ ባለብስክሌቱም በአንድ እግሩ እያነከሰ የሚነዳ ይመስለዋል። ሽብልቁ የሚገባው በምት ነው፤ ዳዶው ለመጠበቅ እንጂ ለመጎተት አልተሠራም። በዳዶ ጎትቶ ለማስገባት የሞከረ ሰው ጥርሱን ይልጣል። አንድ ሁለት ቀን ከተነዳ በኋላ እንደገና መታ አድርጎ ዳዶውን ማጥበቅ የሥራው አካል ነው። ብዙ ሰው የሚተወው ይህንን ነው፤ ከዚያም በሳምንቱ «ዕቃው አይረባም» ብሎ ወደ ሱቅ ይመለሳል።

ውስጡን ለመፍታት ደግሞ አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ወደ ላይ ቆሞ ሲያዝ ፔዳል የሚፈታው ወደ ብስክሌቱ ኋላ በመግፋት ነው፤ በሁለቱም ጎን። የግራው ፔዳል ጥርሱ ግራ ዞር ነውና። በእንግሊዝ ልክ የተሠሩት ኩባያዎች ግን የፔዳሉ ተቃራኒ ናቸው፤ የሚፈቱት ወደ ብስክሌቱ ፊት በመግፋት ነው። የቀኙ ኩባያ ግራ ዞር ጥርስ አለው። ይህን ያላወቀ ጎረምሳ ሁለት ክንድ የሚረዝም ቱቦ በቁልፉ ላይ ሰክቶ ሲታገል ይውላል፤ እያጠበቀው መሆኑን ግን አያውቅም። እርግጥ የቀኙ ኩባያ ካልተበላ መፍታት አያስፈልግም። እዚያው ሆኖ ሊጠረግና ሊቀባ ይችላል፤ የሚስተካከለው የግራው ብቻ ነው። ግራው ውዝዋዜው እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ ዙሩ ሳይከብድ ይቆማል፤ ከዚያ ኩባያው እንዳይዞር ተይዞ የውጪው ቀለበት ይታሰራል።

ብዮቹ በያንዳንዱ ጎን 11፣ በጠቅላላው 22 ናቸው፤ ውፍረታቸው ሩብ ኢንች ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። በቀለበት ታስረው የሚመጡት ቁጥራቸው ያንሳል፤ ለመግጠም ይቀላሉ፤ ጫናው ግን በጥቂቶች ላይ ይወድቃል። ለዳገት አገር ልቅ ብይ ይሻላል። ያው ሩብ ኢንች ብይ በአብዛኛው ለኋላ ጎማም ስለሚያገለግል አንድ ከረጢት ብይ ሁለት ገበያ አለው ማለት ነው። አሮጌና አዲስ ብይ መቀላቀል ግን ክልክል ነው። አዲሱ በጥቂቱ ስለሚወፍር ጫናውን ብቻውን ተሸክሞ ቶሎ ይሰነጠቃል።

የልክ ጉዳይ ለነጋዴ ከሁሉ የበለጠ ነው፤ የሞተ ዕቃ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ። ሽብልቅ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አይደለም። 9 ሚሊ ሜትር አለ፣ 9.5 ሚሊ ሜትር አለ። ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን ይታወቃል። ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ ያስገባ ባለሱቅ በሳምንት ውስጥ ደንበኛ ያጣል። የኩባያውም ነገር እንዲሁ ነው። የእንግሊዙ ልክ ቢ.ኤስ.ኤ. ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በበርሚንግሃም ከነበረው የጦር መሣሪያና የብስክሌት ፋብሪካ ነው። የቱቦው ስፋት 68 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ በኢንች 24 ነው። የጣሊያኑ ልክ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለቱም ኩባያዎች ቀኝ ዞር ናቸው፤ ወፈር ስለሚሉም በእንግሊዙ ቴላዮ አይገቡም።

የጣሊያን ነገር ሲነሳ ጎንደር የራሷ ትዝታ አላት። ከ1928 ዓ.ም እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም ከተማዋ በጣሊያን እጅ በቆየችበት ጊዜ ከፒያሳው ሕንፃዎች ሌላ የቀረ ነገር ቢኖር የመካኒኩ ቋንቋ ነው። ቴላዮ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ማርቴሎ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ብስክሌት የሚለው ስም ራሱ ሳይቀር የጣሊያን ቃል ነው። የሚገርመው ቃሉ የጣሊያን ሆኖ ዕቃው በአብዛኛው የእንግሊዝ ልክ መሆኑ ነው። የቻይናና የህንድ ፋብሪካዎች የቀዱት የእንግሊዙን ከባድ ብስክሌት ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ትልቁ የብስክሌት አምራች ተብሎ በጊነስ የተመዘገበው የሉዲያናው ሄሮም ከእነዚሁ አንዱ ነው። እንግዲያው ነጋዴው ሁሉንም ልክ ማከማቸት አያስፈልገውም። ሁለቱን የሽብልቅ ውፍረቶች፣ የእንግሊዙን ኩባያና ዘንግ፣ የሩብ ኢንች ብዩን ከያዘ አብዛኛውን ከባድ ብስክሌት ሸፍኗል። የጣሊያኑ በትእዛዝ ይምጣ።

ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡት ባለማርሽ ብስክሌቶች ሌላ ዓለም ናቸው። በእነዚህ ላይ ሽብልቅ የለም፤ የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ሆኖ የአሉሚኒየም ክንድ ላዩ ላይ ይጫናል፤ በብሎን ይታሰራል። ክንዱን ለማውጣት 22 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው መንቀያ ያስፈልጋል። ብሎኑና ከሥሩ ያለው ሮንዴላ ሳይወጣ መንቀያውን የሚያስገባ ሰው የክንዱን ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ጋራዥ ነው። ብሎኑ ሲታሰር ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። መለኪያ የሌለው ሰው በ20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ እንደማሳረፍ አድርጎ ይገምተው። ክንዱ ላልቶ ከተነዳ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይከብባል፤ የከበበ አሉሚኒየም ደግሞ በማጥበቅ አይመለስም። ቆርቆሮ ሸጉጦ የሚያስር አለ፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁለት ላይ ክንዱ እግሩ ሥር ሲወልቅ ግን የሚከፍለው የአጥንት ነው።

የእነዚህ ውስጣቸው በአብዛኛው የታሸገ ኩሽኔታ ስለሆነ አይቀባም፣ አይስተካከልም፤ ተፈትቶ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። ለገዢው ቀላል ነው፤ ለነጋዴው ግን የዘንጉ ርዝመት ራስ ምታት ነው። 110፣ 113፣ 118፣ 122 ሚሊ ሜትር እያለ ይሄዳል። አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ወይ ጥርሳሙ ክብ ቴላዮውን ይፈጫል ወይ ሰንሰለቱ ጠምሞ ይሄዳል። ካሊፐር በኪሱ የያዘ ደላላ ከሌላው በልጦ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ለክቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ወደ አዲስ አበባ መርካቶ የሚደውል ደላላ ትክክለኛውን ዕቃ ያመጣል። «የብስክሌት መሃል ዘንግ ላክልኝ» ብሎ የሚደውለው ግን ዕድሉን ይሞክራል። ኮሚሽኑ አንድ ቢሆን እንኳ ተመልሶ የሚመጣው ደንበኛ አንድ አይደለም።

የልጆች ብስክሌት ላይ ሁለቱ ክንዶችና ዘንጉ አንድ ጎባጣ ብረት ሆነው የሚመጡበትም አለ። ይህን በሁለት ቁልፍ መፍታት ይቻላል፤ የግራው ዳዶ ግራ ዞር መሆኑን ማስታወስ ብቻ ነው።

ወደ ደጋው ሲወጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በደባትና በደባርቅ በኩል ክረምቱ ከባድ ነው፤ ጭቃው ከመንኮራኩሩ ተረጭቶ በቀጥታ የሚያርፈው በዚያች አጭር ቱቦ ላይ ነው። ከመቀመጫው ብረት በኩል የሚወርደው ውኃም መጨረሻው እዚያው ነው። ብስክሌትን ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ማሳጠብ ደግሞ የከፋ ነው። ግፊቱ ግራሶውን አጥቦ ውኃውን በቦታው ያስቀምጣል፤ ብስክሌቱ ከላይ ያበራል፣ ከውስጥ ይዝጋል። በጨርቅና በባልዲ ማጠብ ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ተፈትቶ በናፍጣ ታጥቦ አዲስ ግራሶ የተቀባ መሃል ዘንግ ብዙ ዓመት ይኖራል።

አሁን የነጋዴውን ተቃውሞ ማየት ተገቢ ነው። አንደኛው «ሰው ቤቱ ከጠገነ መካኒኩ ምን ይበላል?» የሚል ነው። መካኒኩ የሚበላው የጠበቀውን ኩባያ፣ የተላጠውን ጥርስ፣ የተጣመመውን ቴላዮ ነው፤ ይህ አያልቅም። እንዲያውም ዕቃ ሲኖር የቆሙት ብስክሌቶች ከጣራ ጠርዝ ሥር ወጥተው መንገድ ላይ ስለሚውሉ ሥራው ይበዛል። ሁለተኛው «ዋጋው ስለሚያንስ አያተርፍም» ነው። አንድ ሽብልቅ አያተርፍም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ሽብልቅ ብቻውን አይሸጥም። ከእርሱ ጋር ብይ፣ ግራሶ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ አንዳንዴም ሰንሰለት ይሄዳል። መንቀያውን በመያዣ የሚያከራይ ሱቅ ደግሞ አንዱን መሣሪያ ለብዙ ሰው ያውለዋል፤ የተከራየውም ዕቃውን ከዚያው ይገዛል።

ሦስተኛው የጥራት ጥያቄ ነው፤ ይህኛው ተገቢ ነው። ለስላሳ ብረት የሆነ ሽብልቅ በገበያ አለ። ዋጋው ዝቅ ይላል፤ በመጀመሪያው ዳገት ይጎብጣል። መለያው ቀላል ነው፤ በሞረድ ጫር ማድረግ። ሞረዱ እንደ እርሳስ ሠርስሮ ከገባ መግዛት አይገባም። ይህን ፈተና አስመጪው ናሙና ላይ ቢሠራ ኪሳራው ከባንክ ቤት ሳይወጣ ይቆማል።

ባለሀብቱ የሚጠይቀው አራተኛ ጥያቄ ሊኖር ይችላል፤ እዚሁ ማምረት አይቻልም ወይ? ሽብልቅ ይቻላል። ክብ የብረት ዘንግ፣ ቶርኖ፣ የጥርስ ማውጫና ሞረድ ካለ የሚሠራ ዕቃ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ለልምምድ ሊሠራው የሚችል ነገር በውጭ ምንዛሪ መግዛት አያስፈልግም። መሃል ዘንጉና ኩባያው ግን ሌላ ነው። ብይ የሚሽከረከርበት ገጽ በእሳት መጠንከርና መሞረድ ይፈልጋል፤ ያለ ምድጃና ያለ ልኬት የተሠራ ዘንግ በጥቂት ሳምንት ይበላል። በዚህኛው ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ማስመጣት ይሻላል፤ ቢያንስ ለጊዜው።

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚሄደው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በተለያዩ ዓመታት ከሱዳን በመተማ ገብቶ በጎንደር በኩል አልፏል። ከመተማ ቆላ እስከ ጎንደር ያለውን ዳገት የወጣው በፔዳል ነው። ጎንደሬው ያጨበጨበው ለእግራቸው ብርታት ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጉዞ ካለ መለዋወጫና ካለ መንቀያ አይታሰብም። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እየዘረጋች ነው፤ በጎንደርም የኮሪደር ሥራ ተጀምሯል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ነው። መንገዱ የሚሠራው በመንግሥት ነው፤ ሽብልቁን ግን መንግሥት አያስመጣም።

ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞን ከተከፈለ ወዲህ ደባርቅ የዞን ከተማ ሆናለች። ብስክሌቱ መሃል ዘንጉ የተበላበት የደባርቅ ሰው ዕቃው እዚያ ከሌለ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ጎንደር መውረድ፣ መልሶም መጫን አለበት፤ የራሱ የደርሶ መልስ ትኬት ሳይቆጠር። ሁለቱን የሽብልቅ ልኮች፣ አንድ ከረጢት ብይ፣ አሥር የእንግሊዝ ልክ ዘንግ ከነኩባያው፣ ሁለት ቆርቆሮ ግራሶና አንድ መንቀያ የያዘ ካርቶን ከአንድ ጆንያ ስኳር ያነሰ ቦታ ይይዛል። ግንቦት ላይ ደባርቅ ደርሶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ክረምቱ የሚያበላሻቸውን ብስክሌቶች መስከረም ላይ ይጠብቃቸዋል።